ፒካፔን ለፍሬን ሥራ በደኅና እንዴት ላንሣው?

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ አጠገብ እኖራለሁ፤ የፒካፔን የኋላ ፍሬን ሸራ ለመቀየር ጀምሬ መሐል ላይ ቆሜአለሁ። ግቢው አሸዋማ በመሆኑ ትናንት ጎማው ከመሬት እንደለቀቀ የክሪኩ እግር ሦስት ጣት ያህል ሰመጠና መኪናው ዘመም ሲል ወዲያው አወረድሁት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እንደማይገባ ስለማውቅ ካቫሌቶ (የተነሣ መኪና የሚደገፍበት የብረት መቆሚያ) ተውሻለሁ። የሚያስጨንቀኝ ግን ታምቡሩ (የፍሬን ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ግድ መሆኑ ነው፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከተነሣ ደግሞ በዲፈረንሻሉ (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚያደርገው ክፍል) ምክንያት ማርሽ ማስገባት ብቻውን መኪናውን አይዘውም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ማስደገፍ ይበቃል? ካቫሌቶውን ከአክስሉ ሥር፣ ከባሌስትራው (ከተደራራቢው የብረት ሞላ) አጠገብ ላድርገው ወይስ ከሻንሲው (መኪናው ከተሠራበት ዋና የብረት አካል) ሥር? ከክሪኩ ሥርስ ወፍራም ጣውላ ይሻላል ወይስ ላሜራ? ሥራውን የምታውቁ ባለሙያዎች እባካችሁ ምከሩኝ፤ ልጆቼ እዚያው ስለሚጫወቱ መልሳችሁን እስካገኝ ድረስ መኪናውን አልነካውም።