በደም ውስጥ ያለ ስኳር የደም ቧንቧን እንዴት ያደነድናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ካወቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ከ180 በላይ ነው፤ እሳቸው ግን «ምንም አላመመኝም» እያሉ መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የእግራቸውን ትርታ በጣቱ ሲፈልግ ቆይቶ «የደም ቧንቧው ደንድኗል» አለን። ደም ውስጥ የሟሟ ስኳር ቧንቧን የሚያደነድነው በምን መንገድ ነው? ለእሳቸው በሚገባቸው ቋንቋ ላስረዳቸው እፈልጋለሁ።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
እግዜር ይማርልዎ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ የሚቀላው በአብዛኛው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ስለሚዋሐዱ ነው፤ በሰውነታችንም ያለ እሳት፣ በዓመታት ዝግታ፣ ተመሳሳይ ነገር ይካሄዳል። የደም ቧንቧን ግድግዳ አጽንተው ከያዙት ፕሮቲኖች አንዱ ኮላጅን ሲሆን፣ ቶሎ ስለማይታደስ ስኳር እየተጣበቀበት ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል፤ ቧንቧውም ከልብ ምት ጋር በደንብ መለጠጥ ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ የበዛ ስኳር ውስጠኛውን ስስ ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ቧንቧውን የሚያፍታታው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል፤ መጥፎው ኮሌስትሮልም በተጎዳው ሽፋን ሾልኮ ይገባል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ተከትለው ገብተው ይውጡታል፣ ስቡ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለዓመታት ምንም የሚያም ነገር ላይኖር ይችላል።

መልስ (ታማሚ)፦
እኔም እንደ እናትዎ «አላመመኝም» ባይ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዳገቱ መሀል ላይ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ አጥር ተደግፌ ትንሽ ስቆም ይለቀኛል። እርጅና ነው ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ለካ ደም ለጡንቻዬ አይበቃም ኖሯል። እናትዎ ሲሄዱ ይቆሙ እንደሆነ እባክዎ ይጠይቋቸው።

ጠያቂ፦
ይቆማሉ፤ እኔም ድካም መስሎኝ ነበር። አሁን ስኳሩ ቢስተካከል ቧንቧው ወደ ቀድሞው ይመለሳል?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
አንዴ የተሳሰረው ክር በአብዛኛው አይፈታም፤ ተጨማሪ ጉዳትን ማዘግየት ግን ይቻላል። በብሪታንያ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጀመረና ሕመሙ ገና የተገኘባቸውን ሰዎች የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። ከመጀመሪያው ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት፣ በኋላ መጠኑ ከሌሎቹ ጋር ቢስተካከልም፣ ከዓመታት በኋላ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተጠቁት ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ለእናትዎ አሁን የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ሕክምናው ከስኳሩ እኩል ያስፈልጋል። ስለሚቆሙበት ርቀት ለሐኪማቸው ሳይዘገዩ ይንገሩ፤ ማታ ማታም የእግር ጣቶቻቸውን ገለጥ አድርገው በመካከላቸው ቁስል እንዳለ ይዩላቸው።