የአድዋ በቀል በኢጣሊያ ትምህርት ቤቶች እንዴት ተዘራ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ አድዋ ላይ ኢጣሊያ ድል ስትሆን ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ከአርባ ዓመት በኋላ የበቀል ስሜት ይዘው እንዴት ሊዘምቱ ቻሉ? ትምህርት ቤት ውስጥ በተግባር የተሠራውን የሚያስረዳኝ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦ ሥራው በአንድ ጀምበር አልተፈጸመም። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው በ1922 ሲሆን (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1926 ሕፃናትን የደንብ ልብስ አልብሶ የሚያሰልፈው የባሊላ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መንግሥት ባዘጋጀው አንድ ወጥ መጽሐፍ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው ሕግ ደግሞ በ1929 ወጣ። ለተማሪዎችዎ ከሐሰቱ ብዛት ይልቅ የእውነቱን አመራረጥ ቢያሳዩአቸው እመርጣለሁ። ጥንታዊት ሮም ነበረች፤ የአድዋው ሽንፈትም በእርግጥ ደርሷል፤ ነገር ግን የኢጣሊያ ጦር በሰው አገር ምን ይሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ ከትረካው ሲወጣ፣ አገሩን የተከላከለው ሕዝብ ባለዕዳ፣ ወራሪው ደግሞ ተበዳይ ሆኖ ይቀርባል።

መልስ 2፦ ከመማሪያ ክፍል ውጭም ትምህርቱ ይቀጥል ነበር። ሮም ውስጥ ወደ ኮሎሲየም በሚወስደው ጎዳና ዳር በ1934 አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቀሉ፤ ሮም ከትንሽ መንደርነት ተነሥታ እስከ ንጉሠ ነገሥት ትራጃን ዘመን እንዴት እንደሰፋች በቅደም ተከተል ያሳያሉ። በ1936 አምስተኛ ካርታ ተጨመረ፤ በእርሱም ላይ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ግዛት ሆና ተቀረጸች፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰፊው የአገራችን ክፍል ገና አልተያዘም ነበር። አምስተኛው ከፋሺዝም ውድቀት በኋላ ተነሥቷል፤ አራቱ ዛሬም እዚያው አሉ።

መልስ 3፦ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም፤ የመምህራኑ ነገር አይዘንጋ። በ1931 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለፋሺስቱ ሥርዓት ታማኝ እንዲሆኑ ቃለ መሐላ ሲጠየቁ፣ ከ1200 ገደማ መካከል እንቢ ያሉት ከአሥራ ሁለት ብዙም አይበልጡም። ብዙዎቹ እንጀራቸውን ላለማጣት እንደፈረሙ አምናለሁ፤ በ1938 አይሁድ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው በዘር ሕጉ ሲባረሩ ግን ዝምታው ቀድሞ ተለምዶ ነበር።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሐላው ነገር እኔንም እንደ መምህር አስጨንቆኛል። አራቱን ካርታዎች ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ አምስተኛውን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲገምቱት አደርጋለሁ።