ለመጫወቻ የብርሃን ሰይፍ የትኛው ኤልኢዲ፣ በምን ባትሪ?

የጠያቂው ጽሑፍ
ጤና ይስጥልኝ። ለስምንት ዓመት ልጄ የብርሃን ሰይፍ እየሠራሁለት ነው። ስለቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የ80 ሴንቲሜትር ቱቦ ነው። አሥር ባለ 5 ሚሊሜትር ሰማያዊ ኤልኢዲዎችን (ትንንሽ መብራቶችን) በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን አገናኝቼ፣ ለሁሉም አንድ ባለ 30 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ዕቃ) ብቻ አድርጌ ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር አያያዝኳቸው። እጀታው አጠገብ ደምቆ ይበራል፤ ወደ ጫፉ ግን ብርሃኑ አይደርስም። በዚያ ላይ ሬዚስተሩ በጣት እስከማይነካ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ከአሥሩም ሁለቱ ከሌሎቹ ፈዘዋል። ኤልኢዲ ልጨምር ወይስ ባትሪውን ልለውጥ?

ምላሽ 1
ሁለቱንም ከማድረግዎ በፊት ሒሳቡን ይመልከቱ። ሰማያዊ ኤልኢዲ የሚፈልገው 3.2 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ከ9 ቮልቱ ቀሪው 5.8 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል። አሥሩ ኤልኢዲዎች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊአምፒር ሲወስዱ ድምሩ 0.2 አምፒር ነው፤ ይህ በ5.8 ሲባዛ 1.16 ዋት ይመጣል። ሬዚስተርዎ እንደተለመደው ትንሹ ዓይነት ሩብ ዋት ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ከአቅሙ ከአራት እጥፍ በላይ ጭነውበታል። ከባትሪው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው ብርሃን ሳይሆን በከንቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ደግሞ በውስጡ ስድስት ትንንሽ ባለ 1.5 ቮልት ሴሎችን የያዘ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ለረጅም ጊዜ የመስጠት አቅም የለውም።

ሁለቱ የፈዘዙት በትይዩ አያያዙ ምክንያት ነው። ከአንድ ፓኬት የወጡ ኤልኢዲዎች እንኳ ቮልቴጃቸው ፍጹም እኩል አይደለም፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚበራው ከረንቱን ሲሻማ ሌላው ይጎድልበታል። ትንንሾቹን መጠቀም ከፈለጉ ሦስት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮችን በተከታታይ ይደርድሩና ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የራሱን 68 ኦም ሬዚስተር ይስጡት።

ምላሽ 2
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም የጫፉን ጨለማ አያስወግደውም። ተራ ኤልኢዲ ብርሃኑን ስለሚበትን፣ አብዛኛው በቱቦው ግድግዳ አልፎ እጀታው አጠገብ ያልቃል፤ ቁጥሩን ቢጨምሩም የሚደምቀው ያው ታችኛው ክፍል ነው። እኔ የምመርጠው አንድ ባለ 1 ወይም ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ፣ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ የጠበበ ጨረር ከሚሰጥ ሌንስ ጋር ነው። ቱቦው ውስጥ ስስ ሴሎፎን ጠቅልለው ያስገቡ፣ ጫፉ ላይ የሚያንጸባርቅ ክብ ቁራጭ ይለጥፉ።

በሦስት ዳግም በሚሞሉ የኒኬል ድንጋዮች የሚሠራ ከሆነ፣ አዲስ ሲሞሉ 4.2 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ለሰማያዊ 4.2 ሲቀነስ 3.2፣ ቀሪው 1 ቮልት ኤልኢዲው እንዲወስድ ለምንፈልገው 0.35 አምፒር ሲካፈል 2.9 ይሆናል፤ ስለዚህ 3 ኦም፣ 1 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃል። ድንጋዮቹ ወደ 3.6 ቮልት ሲወርዱ ግን ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ ከረንቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቀይ የሚፈልገው 2.2 ቮልት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በ5.6 ኦም ቢሠራ በዚያው ሰዓት የከረንቱን ሦስት አራተኛ ገደማ ይዞ ይቆያል። ልጁ ለቀለሙ ግድ ከሌለው ቀዩን እመክራለሁ። ኤልኢዲውን ያለ አልሙኒየም ማቀዝቀዣ ፈጽሞ አያብሩት።

ምላሽ 3
ስለቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያበራው በቱቦው ውስጥ የሚዘረጋው የኤልኢዲ ጥብጣብ ነው። ነገር ግን ልጆች ሰይፍ ለሰይፍ ይማታሉ፣ በምት ደግሞ የጥብጣቡ ብየዳ ይለቃል። ስለዚህ ለልጅ ከሆነ ብርሃኑ እጀታው ውስጥ መቀመጡን እደግፋለሁ። ቱቦው ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ አክሪሊክ ሲመታ ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። ሊቲየም ባትሪ ለሚወድቅና ለሚጋጭ መጫወቻ አይሁን፤ የስለቱም ጫፍ ልጁ ከፍቶ ወደ ብርሃኑ እንዳያይ በማጣበቂያ ይታሸግ።

የጠያቂው መልስ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ ሰማያዊውን አልለቅም ስላለ አንድ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ በ3 ኦም ሬዚስተር አያያዝኩ፤ በመለኪያው 330 ሚሊአምፒር አነበብኩ። ሬዚስተሩ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም፤ ሌንሱ ሲገባ ጫፉ ላይ የለጠፍኩት ክብ ቁራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ታየ።