የ5 ቀን አራስ ነኝ፤ ወተቴ ለልጄ እንደሚበቃት በምን ልወቅ?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፦
የመጀመሪያ ልጄ ናት። እርግዝናው ከማቅለሽለሹ በቀር እምብዛም አልከበደኝም፤ ባለፈው እሑድም በጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገልኩ። ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም የነበረችው ልጅ በ3ኛው ቀን ስትመዘን 2 ኪሎ ከ900 በመሆኗ ደነገጥኩ። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ስትጠባ እንባዬ ይመጣል፤ እሷም ሌሊቱን በየሰዓቱ እየነቃች ታለቅሳለች። አማቴ ወተቴ ቀጭን ነው ብለው የስኳር ውሃ እንድሰጣት፣ ለጋ ቅቤም እንዳልሳት ይመክሩኛል። 7 ልጆች ያሳደጉ፣ የማከብራቸው ሴት ስለሆኑ እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩም፤ ቅቤው ግን በሲኒ ሆኖ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። የምርመራ ቀጠሮዬ በ7ኛው ቀን ነው፤ ሊፍት ከሌለው 4ኛ ፎቅ ከዚያ በፊት መውረድ ከብዶኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከገላን፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እኅቴ። እኔም በበኩር ልጄ ጊዜ ጫፉን ብቻ አጎርሰው ስለነበር ቆስዬ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንዳሳየችኝ፣ ሆዷን ከሆድሽ አጣብቀሽ፣ አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርገሽ፣ እንደሚያዛጋ ሰው አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቂና ወደ ጡትሽ አስጠጊያት፤ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል አብሮ ካልገባ ሕመሙ አይለቅሽም። ካጠባሽ በኋላ የራስሽን ወተት ጠብታ ቀብተሽ እንዲደርቅ ተዪው። ቅቤውን ገንፎሽ ላይ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂያቸው፤ እሳቸውም አይከፋቸው።

አዋላጅ ነርስ፦
ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከትውልድ ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። የአንቺዋ የቀነሰችው ከ7 በመቶ በታች ነው። የወተትሽን መብቃት በለቅሶዋ ሳይሆን በዳይፐሯ ለኪው፦ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች፣ ሰገራዋም ከጥቁር ወደ ቢጫ ከተለወጠ እየጠገበች ነው። በዚህ ዕድሜ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ስላለባት መንቃቷ አያስደንቅም። የስኳር ውሃ ሆዷን ሞልቶ የመጥባት ፍላጎቷን ይቀንሳል፤ ጡትም ባልተጠባ ቁጥር ወተት መሥራቱን ስለሚቀንስ፣ እስከ 6 ወር ድረስ ከጡት ሌላ ውሃ እንኳ አያስፈልጋትም። መጥባት እምቢ ካለች፣ ካተኮሳት፣ ወይም መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ ግን ፎቁም ቀጠሮውም አይያዝሽ፤ ወዲያውኑ ውሰጃት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የቆጠርኩት ዳይፐር 7 ደርሷል፤ ሰገራዋም ሰናፍጭ መስሏል። በግራ ጡቴ አያያዙ ተስተካክሏል፤ በቀኙ አሁንም ያመኛል። ቅቤው ዛሬ ጠዋት ገንፎው መሀል ፈሰሰ፤ የስኳሩ ነገር ግን አማቴን ገና አልለቀቃቸውም።