«ማን አስገደደህ?»፦ የአየር ማረፊያ ምግብ ነገር

መንገደኛው፦ ትናንት እዚሁ ቡድን ውስጥ «አየር ማረፊያ ምግብ ተወደደ የሚል ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ማን አስገደደህ? ከቤት ይዘህ አትመጣም?» ተብሎ ተጻፈ። ጭብጨባው ደግሞ ጉድ ነው። ለአንዲት ደረቅ ሳንድዊች ኪሳችን እየታጠበ ሰነፎቹም እኛው ሆንን?

ቆጣቢዋ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ለውዝ፣ ሙዝ ሁሉም ፍተሻ ያልፋል። ማን አስገደደህ?

መንገደኛው፦ ውሃዬንስ? እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ስንቱ አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አላሳልፍም ሲል ኖሯል። እዚህ ያስጥሉኛል፣ ትንሽ ራመድ ስል ያንኑ ውሃ ይሸጡልኛል። ይሄ ማስገደድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ቆጣቢዋ፦ ባዶ ኮዳ ይዘህ ግባና ውስጥ ሙላ። ባዶ ኮዳ የሚከለክል የለም።

ቀላል ሻንጣ፦ ቧንቧው ከተገኘ አይደል! መጸዳጃ ቤቱ ጥግ ደብቀውት ስንዞር በሩ ይዘጋብናል። የለውዝ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ ታውቂያለሽ? ማንኪያ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ነገር!

የድሮ ባለሱቅ፦ ልጆች፣ ባለሱቁን ብቻ አትርገሙ። በብዙ ቦታ ከሽያጩ ላይ ለአየር ማረፊያው ድርሻ ይከፍላል። ገበያ ቢጠፋም የማይቀር ዝቅተኛ ክፍያ አለበት። ዕቃው ተፈትሾ ነው የሚገባው፣ ሠራተኛውም ተጣርቶ። ያ ሁሉ ወጪ ሳንድዊቹ ላይ ያርፋል።

መንገደኛው፦ ጋሼ፣ ታዲያ የአሜሪካዋ ፖርትላንድ እንዴት ሆነላት? አየር ማረፊያዋ ውስጥ ያሉ ሱቆች ውጭ ካለው ዋጋ አስበልጠው እንዳይሸጡ ደንብ አለባቸው። ሲሸጡ ነው የምናየው፣ ሲከስሩ አይደለም።

የድሮ ባለሱቅ፦ አንዲት ፖርትላንድ ይዘህ ዓለሙን ሁሉ ልትዳኝ ነው?

ሰማይ ጠቀስ፦ ጭቅጭቁን ትታችሁ ሠራተኛው የሚበላበትን ጠይቁ። ሲንጋፖር ቻንጊ አየር ማረፊያ የሠራተኞች መመገቢያ ለማንም ክፍት ነው፣ ዋጋውም ተሳፋሪ ከሚበላበት ይረክሳል። ብቻ ፍተሻ ከማለፋችሁ በፊት ይሁን፣ ሰዓታችሁንም እዩ።

ቀላል ሻንጣ፦ ትራንዚት ላይ ያለውስ? ሌሊቱን ሙሉ በሮ ሌላ አገር በር ላይ ለተጎለተ ሰው «ከቤት አምጣ» ይባላል? የቱ ቤቱ ነው?

ቆጣቢዋ፦ ለሁለቱም በረራ የሚበቃ ይያዛ። ብስኩት አይበላሽ።

ቀላል ሻንጣ፦ እሺ፣ ሙዝሽስ? ትኩስ ፍራፍሬ ይዞ መግባት የሚከለክል አገር ሞልቷል። ሳትወርጂ ካልጨረስሽው ቅጣት አለው።

ቆጣቢዋ፦ ታዲያ ብላው! ሙዝ እንድትበላም ሰው ያስገድድህ?

ሰማይ ጠቀስ፦ ይልቅ ይሄ «ከቤት አምጡ» ያመጣብንን ልንገራችሁ። በቀደም አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል መላጥ ጀመረ። መስኮት አይከፈት፣ የት ይኬዳል?

ቆጣቢዋ፦ እንቁላል ብዬ ጽፌያለሁ? ዝርዝሬን አንብብ። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ለውዝ፣ ሙዝ።

የድሮ ባለሱቅ፦ እንቁላል ምን በደለ? ያጠግባል፣ ርካሽ ነው። እኔም ይዤ ነው የምሄደው።

መንገደኛው፦ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሱቁ ጠበቃ ነበሩ!

የድሮ ባለሱቅ፦ ሸጬ ስለማውቅ ነዋ የማልገዛው።

ሰማይ ጠቀስ፦ እንቁላሉን የት ነው የሚበሉት ግን? አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳይሉኝ ብቻ።