የሟች ዜማ ይዞ መመለስ፣ መመለስ ነውን?

ከደብረ ብርሃን፦ ኤሲዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ የሃርድ ሮክ ባንድ ከስድስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ፓወር አፕ» የተባለ አልበም እንደ ትንሣኤ ሲወደስ እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ማልኮም ያንግ ያረፈው በ2017 ሲሆን 12ቱም ዘፈኖች በእሱና አብሮት ጊታር ይጫወት በነበረው በወንድሙ በአንገስ ስም ወጥተዋል። አንገስ እንደተናገረው፣ ሁለቱ ለዓመታት ካጠራቀሟቸው ቁርጥራጭ ዜማዎች መርጦ ነው የሠራቸው። ሟቹ ሰምቶ «ይሁን» ያላለውን በስሙ ማውጣት ባለቤቱ በሌለበት ጎተራ መክፈት ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ወንድሜ፣ የጎተራው ግማሽ እኮ የአንገስ ነው። በእኛ በመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ዝተት፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አድርጎ ይሠራዋል። አያቴ የፈተሉት እሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ተሠርቶ፣ ዛሬም ዝናብ ባረጠበው ቁጥር በግ በግ እየሸተተ አልጋዬ ላይ አለ፤ ከ«አያቴ ዝተት» በቀር ሌላ ስም ሰጥተነው አናውቅም።

ከአንኮበር፦ ሁለታችሁም ማልኮም ላይ ብቻ ቆማችኋል። ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን በ2016 ጨርሶ እንዳይደነቁር ሐኪሞች መድረክ እንዲተው ስላስጠነቀቁት የቀሩትን ኮንሰርቶች የሌላ ባንድ ድምፃዊ የሆነው አክስል ሮዝ ተክቶት ዘፍኗል፤ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ ዊሊያምስም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥቶ ነበር። ጆንሰንና ዊሊያምስ ተመልሰው «ፓወር አፕ»ን ከቀረጹ፣ መመለስ የምንለው ሌላ ምን ሊሆን ነው? ከጆንሰን በፊት የነበረው ድምፃዊ ቦን ስኮት በ1980 ሲሞት እንኳ በዚያው ዓመት «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን አልበም አውጥተዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ያ ምሳሌ ለእኔ ያደላል፤ ያን ጊዜ ማልኮም ራሱ ነበርና። እህቴ ሆይ፣ ፈትል የሚፈተለው ሊሸመን ነው፤ ሳይቀረጽ የቀረ ዜማ ግን «አይበቃም» ተብሎ የተተወ ሊሆን ይችላል። በማልኮም ቦታ የቆመው የወንድሙ ልጅ ስቲቪ መልካም እንደሚጫወት አልክድም፤ አጎቱ ዝም ይልበት በነበረው ቦታ ዝም ማለትን ያውቅበታል፣ ይህም ቀላል ሙያ አይደለም። ለመሆኑ የዝተቱን ወርድ አያትሽ ነግረውት ነበር ወይስ ሸማኔው ከራሱ አመጣው?

ከመሐል ሜዳ፦ ማንም አልነገረውም። ፈትሉን በጣቱ እየዳበሰ ውፍረቱን አይቶ ወሰነ።