የሮክ-ኦላው ጁክቦክስ ጥገና፦ ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ

ፀሐፊዋ፦
እንደምን ዋላችሁ። ከአሜሪካ ለመጣው ሮክ-ኦላ ጁክቦክስ (የተመረጠውን ሸክላ ራሱ አንሥቶ የሚያጫውት ማሽን፤ እ.ኤ.አ. 1962 ስሪት፣ 50 ሸክላ፣ 100 ምርጫ፣ 117 ቮልት፣ 60 ኸርዝ) የጥገና ሐሳቡን እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። እስካሁን የታየው፦ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ከሥሩ ከባድ ጉርምርምታ ይሰማል፣ አልፎ አልፎም ያልተመረጠ ሸክላ ያነሣል። በረቂቁ ሦስት ነገር አስገብቻለሁ፦ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት፣ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ማዞሪያ ጎማ በትልቅ መለወጥ፣ አምፕሊፋየሩን ማስፈተሽ። አርሙት።

የቶርኖ ባለሙያው፦
እህቴ፣ ሁለተኛው ይውጣ። ጎማው በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ ጠርዝ መካከል ያለ አቀባባይ ብቻ ነው። ቢተልቅም ቢያንስም ከዘንጉ የተቀበለውን ፍጥነት እንዳለ ለሳህኑ ያስረክባል፤ ዙሩ አይለወጥም። ዙሩን የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት ነው።

የሚጎተትበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሞተሩ የሚከተለው ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልት ይቀንሳል እንጂ ኸርዝ አይነካም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በደቂቃ 45 መሆን ያለበት ዙር ወደ 37.5 ይወርዳል። የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፣ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወፍራል። ዘፋኙ ሌላ ሰው ይመስላል።

መፍትሔው ዘንጉ ላይ የሚገባ የነሐስ ቀለበት ነው። ዘንጉ ጎማውን በሚነካበት ቦታ በካሊፐር ይለካና በ1.2 ይባዛል። 6.00 ሚሜ ቢገኝ የቀለበቱ ውጭ 7.20 ይሆናል፤ ግድግዳው 0.60 ብቻ ነው ማለት ነው። ቀዳዳው ቀድሞ ይጨረስ፤ የውጩ የመጨረሻ ምላጭ የሚሄደው ቀለበቱ ልክ በሆነ ሌላ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ነው። ሁለቱ በተለያየ አያያዝ ከተቆረጡ ማዕከላቸው አይገጥምም። ሞተሩ ላይ ከገባ በኋላ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ውልግድናን በሚለካ መሣሪያ) ሲታይ ውልግድናው ከ0.02 ሚሜ እንዳይበልጥ። ጎማውም ያን ያህል ወደ ኋላ ስለሚገፋ ስፕሪንጉ መላወሻ እንዳለው ይታይ።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምጨነቀው ከዚያ በፊት ላለው ነገር ነው። ማሽኑ እስኪፈተሽ ድረስ ማንም ስፒናውን አይሰካ፤ ይህ ከሐሳቡ አናት ላይ ይጻፍልኝ። ጉርምርምታው የሚመጣው ከደረቁ ማጣሪያ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ነው። ከእነሱ የባሱት ግን የወረቀት ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ወደ አምፕሊፋየሩ የመጨረሻ ቫልቮች (ድምፅ የሚያጎሉ የመስታወት ቱቦዎች) ማለፍ የሌለበትን ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ያሳልፋሉ፣ ቫልቩ ከውስጥ እስኪቀላ ይግላል፣ ቀጥሎ የማሽኑ የራሱ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ደግሞ ምትክ በቀላሉ አይገኝም።

አሠራሩ፦ ማጣሪያዎቹ በዚያው ማይክሮፋራድ፣ በእኩል ወይም በሚበልጥ ቮልት ይተኩ። በወረቀቶቹ ፈንታ 630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር ይግባ። ከመነካታቸው በፊት በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይራገፉና መልቲሜትር ከ10 ቮልት በታች ያሳይ። መጀመሪያ ሲበራ ከማሽኑ ጋር 100 ዋት የሽቦ አምፖል በተከታታይ ይገናኝ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ እንደደመቀ ከቀረ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይጥፋ።

ስለ ትራንስፎርመሩ፦ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ግብዓቱንና ውፅዓቱን አይለያይም። እኛ የምንፈልገው የሚለያይ ዓይነት፣ አቅሙ 1000 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) የሆነ ነው። ባለ ሁለት እግሩ ስፒና ይነሣና ኧርዝ ያለው ገመድ በሻሲው ላይ ይታሰር። የማሽኑ የራሱ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ስለሚሞቅ ለሦስት ሰዓት ሠርቶ ሙቀቱ ይለካ።

ከዋሽንግተን፦
60 ኸርዝ፣ 120 ቮልት ንጹሕ ሳይን (ልክ እንደ መብራት ኃይል ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ ኢንቨርተር፣ ማለትም ኸርዙንም ቮልቱንም የሚለውጥ መሣሪያ ብንልክስ? ሞተሩም ትራንስፎርመሩም እንደለመዱት ይሠራሉ፣ ቀለበት አያስፈልግም። የዙር መለኪያ ካርቶንም (ዙሩ ልክ ሲሆን መስመሮቹ በመብራት ሥር ቆመው የሚታዩበት) አብረን እንልካለን።

የኤሌክትሪክ ክፍል፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ትክክል ነው፤ ለሙቀቱም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ነገር ግን ኢንቨርተሩ የተበላሸ ቀን ማሽኑ ይቆማል፤ ቀለበቱ ግን አንዴ ከገባ ገባ። የሙቀት ፈተናውን ካላለፈ ወደ ኢንቨርተር እንሂድ፣ ያኔ ቀለበቱ ይወጣል። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም፤ ዙሩ 54 ይደርሳል።

ካርቶኑን በተመለከተ ተጠንቀቁ። የ60 ኸርዙ ለ45 ዙር 160 መስመር አለው፤ የ50 ኸርዙ 133 ነው። ባለ 160ውን በአዲስ አበባ መብራት ሥር ብታዩት ልክ በ37.5 ዙር ቆሞ ይታያል፤ ስህተቱን ትክክል ነው ይላችኋል። የማያሳስተው ሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። 37 ወይም 38 ከመጣ ኸርዙ ነው። ከቀለበቱ በኋላ 42 ወይም 43 ከሆነ ጎማው ይንሸራተታል ወይም የሞተሩ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት መያዣ) ደርቋል።

የሸክላ ክምችት ኃላፊ፦
ጋሼ፣ ስለ ምርጫው ልጨምር፤ ያልተመረጠ ሸክላ ማንሣቱ ሁልጊዜ የኤሌክትሪክ ጥፋት አይደለም። የምርጫ ፒኖቹ ላይ ያለው ግራሶ እንደ ቫርኒሽ ደርቆ ፒኑ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የቀድሞው ዘፈን እንደገና ይነሣል። በአልኮል ይታጠብ፤ አዲስ ግራሶ ጊርና ካም ላይ ብቻ ይቀባ፣ ፒኖቹ ግን ደረቅ ይሁኑ። ኮንታክቶቹ በአልኮል በተነከረ ካርቶን ይጠረጉ፤ የብርጭቆ ወረቀት ሽፋኑን ይልጠዋል።

ድምፁ ሲወላገድ ፍጥነቱን አድምጡ። በደቂቃ 45 ጊዜ በቀስታ የሚዋዥቅ ከሆነ የሸክላው ቀዳዳ ከመሐል ወጥቷል። በሰከንድ 24 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቀለበቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ጎማው ቆሞ ሲከርም የተጨፈለቀበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ማሽኑ 38 ሚሜ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በእጃችን ካሉት አንዳንዶቹ 7 ሚሜ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የወጡት የዐምሃ ሪከርድስ ኦሪጅናል ሸክላዎች አይበሱ፣ ማሽኑም ውስጥ አይግቡ። ዳግም የታተሙት ይበቃሉ። መርፌውም 0.7 ሺሕኛ ኢንች የሆነ አዲስ ይሁን፤ ክብደቱ በሚዛን ይለካ።

የቶርኖ ባለሙያው፦
ኦሪጅናሎቹ አይበሱ በሚለው ከእርሷ ጋር ነኝ። ቢበሳ የሚመልሰው የለም።

ፀሐፊዋ፦
አመሰግናለሁ። የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦

«ማሽኑ ሳይፈተሽ መብራት አይገባበትም። በቅድሚያ ካፓሲተሮቹ፣ ገመዱና ኧርዙ ይለወጣሉ፤ በአምፖል ይሞከራል። ቀጥሎ የነሐስ ቀለበት ተሠርቶ ዙሩ በቆጠራ 45 መሆኑ ይረጋገጣል። የምርጫው ክፍል ይታጠባል። የሦስት ሰዓት የሙቀት ፈተና ካላለፈ ቀለበቱ ወጥቶ ኢንቨርተር ይገዛል። ኦሪጅናል ሸክላ ማሽኑ ውስጥ አይገባም።»

የጎማው መተካት ወጥቷል፤ የተጨፈለቀ ሆኖ ከተገኘ ግን በዚያው መጠን ይታደሳል። የዘንጉ ልክ ስለሌለን ለቶርኖው ዋጋ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት አዳራሹን እከፍታለሁ፤ ካሊፐሩን ይዘው ይምጡልኝ።